ገንዘቡ ተቆጠረ፤ ንባቡስ ተሰማ?

መጥፎ ሥራን መንቀፍ ቀላል ነው። ሰካራሙን፣ ሌባውን፣ ሐሜተኛውን የነቀፈ ሰው ከሚሰሙት ዘንድ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አያገኝም። ደግ ሥራን መንቀፍ ግን ከባድ ነው፤ ነቃፊው ወይም ንፉግ ወይም ምቀኛ ተብሎ ይታማልና። ዛሬ የምነቅፈው ደግ ሥራ ነው። ይኸውም ሕዝብ ለልጆቹ ንባብ ሲል ለመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያዋጣው መዋጮ ነው። ወጣት አንባቢዬ ገና ከመነሻው እንዳይጠረጥረኝ ግን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ እኔ ራሴ ገንዘብ ሰብሳቢ ነበርሁ። ብዙ ዘመን አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በምኖርባት በጥሊሊ ደረሰኝ ይዤ ከቤት ወደ ቤት የዞርሁ፣ በስብሰባም ላይ ቆሜ «ስጡ» ያልሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምሰነዝረው ነቀፋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በራሴ ላይ ነው።

ጥሊሊ በአዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የምትገኘውም ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው የአስፋልት መንገድ ላይ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገበሬው ገብስና ድንች ያመርታል፤ በገበያውም አማርኛና አገውኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። ሕዝቡ መረዳዳትን ሌላ ሰው እንዲያስተምረው አያስፈልገውም። ቤት ሲሠራ ደቦ፣ አዝመራ ሲደርስ ወንፈል፣ ሰው ሲሞት እድር አለው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት በዚህ አገር በአፍ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በሥራም የሚታይ ነው። ስለዚህ «ለልጆቻችን ንባብ እናዋጣ» ባልን ጊዜ ፊቱን ያዞረብን ሰው ጥቂት ነበር። ባለ ሱቁ ከትርፉ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ገበሬው ከገብሱ ሰጠ። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር የሚኖሩ ተወላጆችም ላኩልን።

የመዋጮው ቀን ሲደርስ ድንኳን ተተከለ። ተማሪዎች ዘመሩ፤ እኛም ስለ ንባብ ጥቅም ረጅም ንግግር አደረግን። የሰጪው ስም ከነገንዘቡ ልክ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ብዙ የሰጠ ብዙ ይጨበጨብለታል፤ ጥቂት የሰጠ በጥቂቱ። በመጨረሻ ገንዘቡ ተቆጠረ፤ ከጠበቅነውም በላይ ሆነ። ደስ ብሎን ተለያየን። ከዚያም ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ከገንዘቡ የሚበዛውን ለትምህርት ቤቱ የብረት በርና ለአጥሩ ቀለም አዋለው። በበሩ ራስ ላይ ዋና ዋናዎቹ ሰጪዎች ስማቸው ተጻፈ። በቀረው ገንዘብ ጥቂት መጻሕፍት ተገዙ፤ ልጆች እንዳያበላሹአቸውም በቁም ሣጥን ተቆለፈባቸው። በዚህ ሁሉ ላይ እኔም እጄን አውጥቼ ድምፅ ሰጥቻለሁ። አንድ ሳንቲም አልተሰረቀም፤ ሒሳቡ ንጹሕ ነበር። የሠራነው ስሕተት ለብዙ ጊዜ ያልታየኝም ሒሳቡ ንጹሕ ስለ ነበር ይመስለኛል።

በዓመቱ ለሁለተኛ ጊዜ እንድንሰበስብ ተወሰነ። እኔም ከመንገዱ ዳር ድንች እየሸጡ የልጃቸውን ልጅ ወደሚያሳድጉ አንዲት ሴት ቤት ሄድሁ። አምና ሁለት መቶ ብር ሰጥተዋል፤ ለእሳቸው ቀላል ገንዘብ አልነበረም። «እትዬ፣ እንደ አምናው ይርዱን» አልኋቸው። እሳቸውም ከሙዳይ ውስጥ አምና የጻፍሁላቸውን ደረሰኝ አወጡና ለልጁ ሰጡት። ልጁ አራተኛ ክፍል ነው፤ የሚማርበትም ቋንቋ አማርኛ ነው። «እስቲ አንብብልኝ፤ መምህርም ይስሙህ» አሉት።

ልጁ ወረቀቱን ትኩር ብሎ አየው። «ሁለት መቶ» አለ፤ ከዚያም ዝም አለ። አያቱ «ሌላስ?» አሉት። ልጁ አቀረቀረ። እኔም ደረሰኙ በእጅ ጽሑፍ ስለ ሆነ አስቸግሮት ይሆናል ብዬ የራሱን የአማርኛ መጽሐፍ አስመጣሁና አንዱን ገጽ ገለጥሁለት። አንዳንዱን ፊደል ለየ፤ ፊደሎቹን አጋጥሞ ቃል ማድረግ ግን አልቻለም። ሴትዮዋ አልተቆጡም። «መምህር፣ ቁጥሩንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ ብር ስቆጥር አይደል የኖርሁት። ፊደሉን እንዲያነብልኝ ነበር የሰጠሁት» አሉኝ። ይህን ብለው ከመቀነታቸው መቶ ብር ፈትተው ሰጡኝ። በደረሰኙ ላይ ከቁጥሩ በታች አንድ መስመር ጽሑፍ ነበረ፤ ያን መስመር ያን ዕለት እኔም አላነበብሁላቸውም። ቢሰድቡኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። ዳግመኛ ስለ ሰጡኝ ግን መልስ አጣሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝ ጥያቄ ይህ ነበር፤ ሕዝብ ለንባብ ብሎ የሰጠው ገንዘብ ለንባብ መዋሉ በምን ይታወቃል? እኛ በደረሰኙ፣ በበሩና በቀለሙ ይታወቃል ብለን ነበር። እነዚህ ሁሉ በዓይን የሚታዩ ናቸው። ንባብ ግን በጆሮ የሚሰማ ነገር ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ ሲያነብ ካልሰማነው በቀር፣ ምን ያህል ገንዘብ ብናወጣ ለንባብ አውጥተናል ለማለት አንችልም።

ሕዝብ ለንባብ ማዋጣቱ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪን ያላየ የጎጃም ሰው ከቶ ይገኛልን? ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በበትሩ እየተከላከለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ልጅ የሚማረው በሕዝብ መዋጮ ነው። አንዱ ቤት ቁራሽ እንጀራ፣ ሌላው ቤት እፍኝ ቆሎ ይሰጠዋል። ደረሰኝ የለም፤ የሰጪ ስም የሚጻፍበት ሰሌዳም የለም። ሆኖም ሒሳቡ አይጠፋም ነበር። ሕፃኑ ፊደል ለይቶ፣ አቡጊዳውንና መልእክተ ዮሐንሱን ተሻግሮ ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ ይደግሳሉ፤ ጎረቤትም ይጠራል። እያንዳንዱንም ልጅ የኔታ ለብቻው አስቀምጠው ያስነብቡታል እንጂ፣ በጅምላ አንብበዋል ብለው አያሳልፉትም። እንዲህ ሲሆን ቁራሹን የሰጠው ሰው የሰጠበትን ፍሬ በገዛ ጆሮው ይሰማል።

ይህን ስል የቀድሞውን ሁሉ ማመስገኔ አይደለም። ያ ትምህርት ሴቶች ልጆችን በአብዛኛው ወደ ጎን የተወ ነበር። ብዙውም በግዕዝ ስለ ነበረ ሕፃኑ የሚያነበውን ሳያስተውለው ያነበንበው ነበር። አለንጋውም የሚረሳ አይደለም። የማመሰግነው አንዱን ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰጪው፣ መምህሩና ልጁ ንባብ ሲሰማ የሚገናኙ መሆናቸውን ነው።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት የትምህርትን ወጪ ከሕዝብ የሚሰበስብበት ሌላ መንገድ መጣ። በ1940 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚውል የትምህርት ግብር በመሬት ላይ እንዲከፈል ታወጀ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ግብር ከፋዩ ገበሬ ልጁ ከሚገባበት ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ሩቅ ነበር፤ የሰጠው ገንዘብ የት እንደ ገባ የሚያይበት መስኮት አልነበረውም። በጎጃም በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብር ላይ መነሣቱን ታሪክ ያስታውሳል። የዚያ አመፅ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከነዚያም አንዱ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ የሚነጠቅ መስሎት መፍራቱ ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት፣ ሕዝብ እምቢ የሚለው ሁልጊዜ ንፉግ ስለ ሆነ አለመሆኑን ነው። የሚሰጠው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ያላመነ ሰው እጁን ይሰበስባል።

ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ተማሪውና መምህሩ ዘመተ፤ ሕዝቡም በገንዘብም በዓይነትም አዋጣ። ዘመቻው ከዩኔስኮ ዘንድ ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት ያገኘው በ1972 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ትምህርቱ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ ለአገራችን ታላቅ ነገር ነበር። ከአሥራ አምስቱ ውስጥ ግን አገውኛ አልነበረበትም። አማርኛ የማይናገረው የአዊ ገበሬ ፊደልንና ባዕድ ቋንቋን በአንድ ጊዜ መሸከም ነበረበት። ከዘመቻውም በኋላ የምስክር ወረቀት ከተቀበሉት ብዙዎቹ የሚያነቡት ነገር አጥተው የተማሩትን ዘንግተውታል። ማንበብን ያስተማረ ሰው የሚነበብ ነገር ካላዘጋጀ ሥራው እኩሌታ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ዘመን እንመለስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲጀምሩ ፈቀደ፤ በአዊም አገውኛ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ለመሆን በቃ። ትምህርት ቤት በየቀበሌው ተከፈተ፤ ቀድሞ በር የተዘጋበት የድኻ ልጅ ገባ። ይህን የማያመሰግን ሰው ፍርደ ገምድል ነው። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በስድስት ቋንቋዎች የሕፃናት ንባብ ሲፈተን፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከሦስት ልጆች አንዱ ማለት ነው። እነዚያ ልጆች ወደ ላይኛው ክፍል እየተሻገሩ አደጉ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኔ ግን ልጁ የወደቀው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው አልልም። የአብዛኛው ልጅ ውድቀት የሚጀምረው በሁለተኛ ክፍል፣ ሳያነብ «አለፍህ» በተባለ ዕለት ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ማንም ሰው አጠገቡ ተቀምጦ አልሰማውም።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» የሚል የሕዝብ ንቅናቄ ጀመረ፤ ሕዝብም ትምህርት ቤቶችን ለማደስ በየቦታው አዋጣ። የሚያፈስ ጣራ ተጠገነ፤ መሬት ይቀመጥ የነበረ ልጅ ወንበር አገኘ። ይህን አልነቅፍም። የእኔ ነቀፋ፣ «ለንባብ» ተብሎ የተሰበሰበው ሲቀር ለሌላ ነገር በሚውልበት ልማድ ላይ ነው።

ስለ ምን ግንቡን እንመርጣለን? በበኩሌ ሦስት ምክንያት አገኛለሁ። አንደኛ፣ በር በሁለት ሳምንት ይሠራል፤ ይመረቃልም። ንባብ ግን ዓመት ይፈጃል፤ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን የለውም። ሁለተኛ፣ በግንብ ላይ የሰጪ ስም ይጻፋል፤ በሕፃን ልብ ላይ ስም የሚጽፍ ቀለም ቀቢ የለም። ሦስተኛውና ክፉው ምክንያት ይህ ነው፤ ግንብ ማንንም አያሳፍርም። ልጆቹን በአደባባይ ብናስነብብ ግን የማያነቡት ይታወቃሉ፤ እነሱ ሲታወቁ መምህሩ፣ ርእሰ መምህሩ፣ ወላጁና ሰብሳቢው ሁሉ ይታወቃል። ስለዚህ ሁላችንም ሳንነጋገር ተስማምተን ዝም እንላለን፤ ግንብም እንቀባለን። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ አይደለምን?

ተቃዋሚ የሚለኝን አውቃለሁ። «ዝናብ በሚያፈስበት ክፍል ማን ያነባል?» ይለኛል። እውነቱን ነው። በደጋ አገር ክረምት የገባበት ክፍል ውስጥ ያስተማረ ሰው ይህን አይክድም። ለጣራ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ለጣራ ብለን እንሰብስብ፤ ሰጪውም አውቆ ይስጥ። ሁለተኛው ተቃዋሚ ደግሞ «ማስነበብ የመምህር ሥራ ነው፤ ሕዝቡ ምን አገባው?» ይላል። መምህሩን አልወቅስም፤ እኔም መምህር ነበርሁ። በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ልጅ የተሰጠው፣ ደመወዙም ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ የማይበቃው ሰው እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ቢያስነብብ የክፍለ ጊዜው ደቂቃ ያልቅበታል። የሕዝብ እርዳታ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። መምህሩ የሚያጣው የብረት በር አይደለም፤ የሚያጣው ልጅ የሚሰማ ሰው፣ ልጁም የሚያነበው መጽሐፍ ነው።

ይህ የማይቻል ነገር እንዳይመስል ሁለት ምሳሌ ላምጣ። አንደኛው የአገራችን ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ ከመላው ዓለም ሕፃናት መጻሕፍት መካከል የኢትዮጵያ ልጆች በቋንቋቸው የሚያነቡት ማጣታቸው አሳዘናቸው። ከደጋጎች ሰዎች ገንዘብ እየሰበሰቡ፣ «ሞኙ ማሞ» የሚለውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ በሐዋሳ መጻሕፍት የተጫነ ጋሪ በአህያ እየተሳበ ወደ ልጆች እንዲሄድ አደረጉ። አስተውል፤ መዋጮው የተለወጠው ወደ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉም በቁም ሣጥን አልተቆለፈበትም፤ ልጁ ወዳለበት ሄደ እንጂ።

ሁለተኛው ምሳሌ የሕንድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ፣ ፕራታም በተባለ ማኅበር አስተባባሪነት ተራ ሰዎች በየመንደሩ እየዞሩ ልጆችን በየቤታቸው ያስነብባሉ። ይዘውት የሚሄዱት ቀላል ነገር ነው፤ ፊደል፣ ቃላት፣ አጭር አንቀጽና አንድ ታሪክ የተጻፈበት ወረቀት። ልጁ እስከ ምን ድረስ ማንበብ እንደሚችል በጥቂት ደቂቃ ይታወቃል። ወላጁም አጠገቡ ቆሞ ይሰማል፤ ራሱ ማንበብ ባይችል እንኳ የልጁን መንተባተብ ከመፍሰሱ ይለያል። በ2009 ደግሞ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ይህን ለማድረግ ሚሊዮን ብር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው እውነቱን ለመስማት መድፈር ነው።

በእኛም አገር ቢሆን ለዚህ የሚሆን ጠባይ አለን። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ይኸው ስንት ዘመን ቆየ! በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሲከበር ያየ ሰው የፈረሶቹን ጌጥ ያደንቃል። ኮርቻው ያማረ ነው፤ ልጓሙና መርገፉም እንዲሁ። ነገር ግን ከዳር ቆሞ የሚያይ ሽማግሌ ፈረሱን የሚያመሰግነው በኮርቻው አይደለም። «እስቲ ይሩጥ፤ እንየው» ይላል። ለፈረስ የምናውቀውን ፍርድ ለልጆቻችን ስለ ምን እንነፍጋቸዋለን? ጌጡን ብቻ ተመልክተን ሩጫውን ሳናይ ለምን ወደ ቤታችን እንሄዳለን?

እኔም ይህን ሐሳብ ለኮሚቴው አቀረብሁ። «ለሁለተኛው መዋጮ ከመውጣታችን በፊት፣ ሰጪዎቹ ባሉበት ልጆቹን እናስነብብ» አልሁ። አንዱ «እንዋረዳለን» አለ። ሌላው «ሰጪው ይሸሻል» አለ። ብዙ ተከራከርን፤ እኔም ተሸነፍሁ። የተፈቀደልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የቁም ሣጥኑ ቁልፍ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መጻሕፍቱን አውጥቼ ከሚመጡት ልጆች ጋር እቀመጣለሁ። ሁለት የላይኛው ክፍል ተማሪዎች፣ አንዲት ልጃገረድና አንድ ወንድ ልጅ፣ ያግዙኛል። የእኛ ሥራ ማስተማር እንኳ አይባልም፤ አንድ ልጅ ሲያነብ መስማት፣ ሲሳሳት ቀስ ብሎ ማረም ነው። ልጃገረዲቱ አገውኛ አፉን የፈታባቸውን ሕፃናት በቋንቋቸው ታስነብባለች። ከገዛናቸው መጻሕፍት ውስጥ አንድም የአገውኛ ተረት ስለሌለ፣ አያቷ የነገሯትን ተረት በደብተር ጽፋ አመጣችላቸው። ሕፃናቱ ያንን ደብተር ከታተመው መጽሐፍ ይልቅ ይሻሙበታል። እኛ በገንዘብ ያልገዛነውን እሷ በእርሳስ ሠራችው።

አንዳንድ መጻሕፍት ተቀደዱ፤ ሁለቱ ጠፉ። ቁልፉን የሰጡኝ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ወቀሱኝ። በበኩሌ ግን ተነብቦ የተቀደደ መጽሐፍ ሳይነካ ካረጀው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ላይ የጊዜው መከራ አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ርቀው ቆይተዋል። በር የቱንም ያህል ቢያምር፣ በተዘጋ ቀን ለልጁ የሚሰጠው ነገር የለም። ማንበብ የቻለ ልጅ ግን መጽሐፉን ይዞ ከቤቱ ምድጃ ዳር ይማራል። በክፉ ቀን የማይዘጋው ትምህርት ቤት ይህ ብቻ ነው።

የዚያችን የድንች ሻጭ የልጅ ልጅ ነገር ልጨርስ። ልጁ መጀመሪያ አፍሮኝ አልመጣም፤ በሦስተኛው ቅዳሜ መጣ። ብዙ ወር ፈጀብን። ፊደል ከፊደል፣ ቃል ከቃል እያጋጠመ፣ አንዳንዴም እያለቀሰ ቀጠለ። አንድ ቀን ማታ አያቱ ቤት ስገባ፣ ያንኑ የአምናውን ደረሰኝ ይዞ ጠበቀኝ። «መምህር፣ ላንብብልዎ?» አለኝ። ጣቱን እያስከተለ፣ ቀስ እያለ አነበበው። የአያቱን ስም አነበበ። ሁለት መቶ ብር አለ። ከዚያም ያን ዕለት እኔ ያላነበብሁትን መስመር አነበበው፤ «ለንባብ ማጠናከሪያ»። ቀና ብሎም «የአያቴ መጽሐፍ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

በብዙ ስብሰባ ሒሳብ አቅርቤአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሒሳብ ጠያቂ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ዋሽቼ አንዱን መጽሐፍ «ይህ ነው» ለማለት እችል ነበር። ነገር ግን ያን መስመር በሚያነብ ልጅ ፊት መዋሸት አቃተኝ። ገንዘቡ በሩ ላይ እንደ ዋለ፣ እኔም እንደ ተስማማሁ ለሁለቱም ነገርኋቸው። ሴትዮዋ ጥቂት ዝም ብለው «በሩማ ያምራል፤ ግን ማታ ቤት ይዞት አይመጣም» አሉ። ከዚህ ሌላ አልተናገሩኝም፤ ቡና አፈሉልኝ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን የጻፍሁልህ መዋጮን እንድትጠላ አይደለም። እንዲያውም ስጥ፤ ሌላውም እንዲሰጥ አድርግ። ነገር ግን ስትሰጥ «ለምን?» ብለህ ጠይቅ፤ በዓመቱም ተመልሰህ «እስቲ ልጁ ሲያነብ ልስማው» በል። ሰብሳቢ ስትሆን ደግሞ ይህ ጥያቄ እንዲቀርብልህ ደጅህን ክፈት። ገንዘብ ባይኖርህም የምትሰጠው አለህ፤ ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ማንበብህ ይመሰክርብሃል። በሰፈርህ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል የሚማር አንድ ሕፃን ፈልግ። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት አጠገብህ አስቀምጠውና አስነብበው። ጭብጨባ አታገኝም፤ ስምህም በየትም ላይ አይጻፍም። ምናልባት አንድ ቀን ያ ልጅ አንድ ወረቀት ይዞ መጥቶ የሚያሳፍርህን ጥያቄ ይጠይቅህ ይሆናል። ያን ጊዜ እፈር፤ መልስለትም። የሰጠኸው ለንባብ መዋሉን የምታውቀው በዚያን ቀን ነው።